ሚስት የሌላቸው ቄሶች

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው አልነበርሁም። እናቴ «ይህች ልጅ እግሯን ቢረግጧት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ ስንት ክፍለ ጊዜ አልፏል። ሰው ፊት ቆሜ ከምናገር ጢስ ዓባይን ከታች ወደ ላይ ብዋኝ ይቀለኝ ነበር። እንዲህ ያለሁት ልጅ ቡሬ ላይ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ችሎት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የቄሶችን ስም የጠራሁበትን ቀን ልነግራችሁ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ንዴቱ ግን አልበረደልኝምና በረጋ መንፈስ እጽፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

የቀድሞው ገዥ ግንባር በሥልጣን ላይ በነበረበት፣ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሊታደል ሽር ጉድ በሚባልበት ዘመን ነው። በኮምፒዩተር ተመርቄ ፍኖተ ሰላም ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተመድቤ ነበር። ሥራችን ቀላል ነው። የየቀበሌው ኮሚቴ ገበሬውን በእጅ ጽፎ የላከውን ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እንገለብጣለን። አንድ ቤተሰብ አንድ መስመር ነው፦ መጀመሪያ የመሬቱ ቁጥርና ስፋት፣ ቀጥሎ የባል ስም፣ ከዚያ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻ የሚስት ስም። መሬቱ የሁለቱም ነውና የሁለቱም ስም ይጻፋል።

የምንጽፍባቸው አራት አሮጌ ተርሚናሎች በእርዳታ የመጡ ናቸው። ተርሚናል ማለት ስክሪንና የፊደል ገበታ ብቻ ነው፤ አሳቢው ኮምፒዩተር ሌላ ክፍል ተቀምጦ በሽቦ ያናግራቸዋል። ፊደላችንን ስለማያውቁ ስሙን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ በጥቁር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

አንድ ልማድ ነበረን። በእኛ አገር ቄስን ያለ ማዕረጉ መጥራት ነውር ነው፤ በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኮሚቴዎቹ ማዕረጉን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ከሁሉ መጨረሻ ነበር የሚጽፉት። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይተይባል። ባል ተጻፈ፣ ሚስት ተጻፈች፣ አንባቢው ጠርዙ ላይ ሲደርስ «ኧረ ቄስ ናቸው!» ይላል። ጸሐፊው በግራ ቀስት ቁልፍ የሚስትየዋን ስም አልፎ ወደ ኋላ ይመለስና በሁለቱ ስሞች መካከል ባለው ባዶ ቦታ «ቄስ» ብሎ ያስገባል። ከስሙ ፊት እንዳይጻፍ አለቃችን ከልክሎ ነበር፤ ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ ቄሶች ሁሉ አንድ ቦታ ይከመራሉ ብሎ።

አለቃችን አቶ ጌታሁን ይባላል። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን በጽሑፍ እሱ እለዋለሁ። ይህችን ያህል በቀል ይፈቀድልኝ።

ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አየሁ። ጸሐፊዎቹ የግራውን ቀስት በተጫኑ ቁጥር ተርሚናሉ ጢጥ ይላል። አሥር ጊዜ ሲጫኑ አሥር ጊዜ ጢጥ። ሌላ ቁልፍ እንዲህ አያደርግም። አቶ ጌታሁን ቢሮ ገብቼ ወለሉን እያየሁ «ቀስቱ ሲነካ ለምን ይጮሃል?» አልሁ።

«ልማዱ ነው» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ተርሚናሎቹን ያስተካከልኋቸው እኔ ነኝ። ጩኸቱ ሠራተኛውን ከረበሸ ድምፁን አጥፊው።»

አጠፋሁት። ከተርሚናል ተርሚናል እየዞርሁ፣ በገዛ እጄ፣ የአራቱንም።

ከዚያ አንድ ዓመት ሊሞላን ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከል የለበሱ ሴት ወይዘሮ በሩ ላይ ቆሙ። ጫማቸው ላይ የመንገድ አቧራ አለ።

«እንደምን አደራችሁ። ጥሩዬ እባላለሁ። የቄስ አዳሙ ባለቤት ነኝ። ነበርሁ ልበል፤ አርባው ወጣ።»

«ነፍስ ይማር። ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ» አልኋቸው።

ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈተው ሰጡኝ። ከእኛ ኮምፒዩተር የታተመ ነው። የቄስ አዳሙ ስም አለ፣ ቄስነታቸው አለ፣ የሚስት ቦታ ባዶ ነው።

«የባሌ ወንድም ደምለው ይህን አውጥቶ ለችሎት ሰጠብኝ። ‹ወንድሜ ሚስት አላስመዘገበም፤ አራት ቃዳ መሬቱ የአባቴ ነው፣ ወደኔ ይመለስ› አለ። የኮሚቴው ወረቀት የታለ ቢባል፣ ኮሚቴው ውስጥ ያለው ራሱ ነው፤ ‹ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ› አለ። ነገ ጠዋት ቡሬ እቀርባለሁ። የሚፈረድብኝ በዚህች ወረቀት ነው ልጄ። እናንተ ጋ ያለው ምን ይላል?»

አቶ ጌታሁን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ወረቀቱን ቁልቁል አየው።

«እናቴ፣ አልተመዘገቡም።»

«ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ?»

«ኮምፒዩተር አይዋሽም።»

«አይዋሽም ይሆናል ጌታዬ» አሉ ረጋ ብለው። «ግን ሰርጌ ላይ አልነበረም።»

ከጥጉ ጋሽ አስረስን ሳቅ አመለጠው። ጋሽ አስረስ ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ በትየባ ያረጀ ሰው ነው። አቶ ጌታሁን ገልምጦት ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ በሩንም ዘጋው። ያኔ ጋሽ አስረስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዝናሽ፣ ይህን ቤት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጥሩዬ የእህቴ ስም ነውና አልረሳውም። ጽፌዋለሁ። ስክሪኑ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«እሱን አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ እንጂ!»

እማማ ጥሩዬን ደጅ ካለው አግዳሚ አስቀምጬ ፋይሉን ከፈትሁ። ባዶ ነው። ጋሽ አስረስን ጎኔ አስቀመጥሁትና «ያን ቀን እንደጻፍኸው አድርገህ ጻፈው፤ አንዲት ነገር ሳትቀንስ» አልሁት። ጻፈ። አዳሙ። ባዶ ቦታ። ጥሩዬ፣ ከነአባቷ። «ኧረ ቄስ ናቸው!» አለ እንደ ልማዱ ለራሱ ጮክ ብሎ፣ የግራ ቀስቱንም ደጋግሞ ተጫነ። የሚጻፍበትን ቦታ የምታሳየው ትንሽ መብራት በሚስትየዋ ስም ላይ ወደ ኋላ ተራመደች። ባዶው ቦታ ስትደርስ «ቄስ» ብሎ አስገባ። «ይኸው» አለ። ይኸው፤ ቄሱም አሉ፣ ሚስታቸውም ስክሪኑ ላይ አሉ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ወደ ድምፁ ሄደ። ከፈትሁትና «እንደገና» አልሁት። እንደገና ጻፈ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ፋይሉን ዘግቼ መልሼ ከፈትሁት።

ቄስ አዳሙ አሉ። ሚስታቸው የሉም።

ጋሽ አስረስ ሁለት እጁን ከገበታው ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሣ። «እመ ብርሃን» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋኋት?»

ላስረዳችሁ፤ ከባድ አይደለም። ቁልፍ ስትጫኑ ተርሚናሉ ለኮምፒዩተሩ አጭር ምልክት ይልካል። የእኛዎቹ ለግራ ቀስት ሁለት ምልክት አከታትለው ነው የሚልኩት፦ መጀመሪያ «መጻፍ አቁም» የሚለውን፣ ቀጥሎ ትልቋን «ዲ» ፊደል። ኮምፒዩተሩ የተርሚናሉ ዓይነት በትክክል ከተነገረው ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ «ወደ ግራ ሂድ ማለቱ ነው» ይላል። ካልተነገረው ለየብቻ ያነባቸዋል። በምንጽፍበት ፕሮግራም ደግሞ «ዲ» ማለት «ከዚህ ጀምሮ እስከ መስመሩ መጨረሻ ደምስስ» ነው። ስለዚህ መብራቷ ወደ ኋላ የምትራመድ ይመስለን ነበር እንጂ በተጫንን ቁጥር ከስሙ ጫፍ አንዳንድ ፊደል እየበላች ነበር። ጢጥታውም «መጻፍ አቁም ትለኛለህ፣ እኔ እኮ አቁሜአለሁ» የሚል አቤቱታ ነበር። ታዲያ ስሙ ስክሪኑ ላይ ለምን ይቀራል? ኮምፒዩተሩ ሲደመስስ ተርሚናሉንም «አጽዳ» ይለዋል፤ የሚልክለት የማጽጃ ምልክት ግን የሌላ ማሽን ነበርና የእኛው አይሰማውም። ስም ከፋይሉ ሞቶ ዓይናችን ፊት በሕይወት ይቆማል።

የተርሚናሎቹን ዓይነት የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈልጌ አገኘሁ። አቶ ጌታሁን ከሌላ ቦታ ቀድቶ ጀምሮታል። የማጽጃው ምልክት እንደተቀዳ ቀርቷል። የቀስቶቹ ቦታ ባዶ ነው። ከጎኑ በራሱ እጅ «በኋላ ይሞላል» የሚል ማስታወሻ አለ።

በኋላ ይሞላል!

እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫንሁ የሚልከውን ምልክት በወረቀት ጻፍሁ፤ ወደ መግለጫው አስገባሁ፤ ማጽጃውንም ቀየርሁ። ሞከርሁት፤ ስሙ አልጠፋም። ሥራው ሁሉ የፈጀብኝ አርባ ደቂቃ ነው። ስንት ሴት የጠፋችው ይህች አርባ ደቂቃ ታጥታ ነው! የያዘኝ ንዴት ከዚያ በፊት የማላውቀው ዓይነት ነበር።

አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ነገርሁት። እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ስም እያጠፋ ነው። ማዕረግ የጨመርንላቸው ሰዎች ሚስቶች ሁሉ…»

«ምዝገባው ተጠናቋል ብዬ ሪፖርት ልኬአለሁ። ደብተሩ ሊታተም ነው። አሁን ስሕተት አለ ብትይ የቀበሌው ሕዝብ ሁሉ መጥቶ እዚህ ደጅ ይሰለፋል።»

ይሰለፍ፣ ልለው ፈለግሁ። ያልሁት ግን «ችሎት የሚቀርቡት ነገ ነው» ብቻ ነው።

«ነገ የሷ ቀን ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ስሟ በኋላ ይታያል።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚመክረኝ ሁሉ ድምፁን አለስልሶ፣ «ደግሞ ድምፁን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አይደል? ግምገማ ላይ ከተነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ያንቺ ስም ነው። ልጅ ነሽ፤ ራስሽን አትጉጂ» አለኝ።

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። «እሺ» ማለቴን አልክድም። ግን ከቢሮው እስከ ማተሚያው አሥር እርምጃ አይሞላም፤ በእነዚያ አሥር እርምጃዎች ውስጥ እሺታዬ አለቀ። የእማማ ጥሩዬን ቀበሌ ዝርዝር በሙሉ አተምሁና አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ጋሽ አስረስ አየኝ። ተነሥቶ የማተሚያውን ክፍል በር እስክጨርስ በጀርባው ደገፈልኝ።

በማግስቱ ያለ ፈቃድ ቀረሁ። ከእማማ ጥሩዬ ጋር በጠዋቱ ሚኒባስ ቡሬ ገባን። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ትናገሪልኛለሽ?» መልሴን ሳይጠብቁ እጄን ያዙት።

ችሎቱ ሞልቷል። ዓርብ ነበርና ሌላም ሌላም ጉዳይ ያለው የዚያው ቀበሌ ሰው ብዙ ነበር። አያ ደምለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ቆመዋል። «እኔ እህቴን አልጠላ ጌታዬ» አሉ ለዳኛው፤ «ልጡራት፣ ልደግፋት። ነገር ግን መንግሥት ያልጻፋትን እኔ ምን ብዬ ልጻፋት? ወረቀቱ ይኸው።»

ዳኛው ወደ እማማ ጥሩዬ ዞሩ። «ምን ይላሉ?»

«እኔ የምለውን ይህች ልጅ ትላለች።»

ተነሣሁ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣሁ መሆኔን ተናገርሁ፤ ከዚያ ስለ ቁልፎቹ፣ ስለሚልኩት ምልክት፣ ስለ ግራ ቀስት ማስረዳት ጀመርሁ። ድምፄ ለራሴም አይሰማም። ከኋላ አንዱ «ምን አለች?» ሲል ሌላው «ቀስት ትላለች፤ የአደን ነገር ነው መሰል» አለ። ሳቅ ሆነ። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። «እህቴ፣ ይህን ሁሉ አልተረዳሁትም። ጉዳዩን በአጭሩ ማሳየት ትችያለሽ?»

ላቤ ጀርባዬን ሲወርድ ይሰማኛል። ልቀመጥ ነበር። እውነቴን ነው። ዞር ስል አያ ደምለው ከንፈራቸውን ገጥመው ፈገግ ሲሉ አየሁ። ያ ፈገግታ የአቶ ጌታሁን «በኋላ ይታያል» ሆኖ ታየኝ። ዝርዝሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁት።

«የዚህ ቀበሌ ዝርዝር ነው ጌታዬ። ቄሶቹን ብቻ ላንብብ።» አነበብሁ። «ቄስ ይሁኔ፤ ሚስት የላቸውም። ቄስ ዋሴ፤ ሚስት የላቸውም። ቄስ ገላው፤ ሚስት የላቸውም።»

ከኋላ የነበሩት አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እንዴ!» አሉ። «ምን ዓይነት ነገር ነው? ሳያገባ ማን ቅስና ይሰጠዋል? ወይ መነኩሴ ይሁን!»

«ቄስ ጫኔ፤ ሚስት የላቸውም። ቄስ አዳሙ፤ ሚስት የላቸውም።» ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግድግዳውን መትቶ ይመለስ ነበር። «ቄስ ሞላ፤ ሚስት የላቸውም።»

«ማን?»

ከፊት መቀመጫ አንድ ነጭ ጥምጥም ተነሣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ከአያ ደምለው ጎን አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። «የኔም?»

«የእርስዎም አባቴ።»

ከሴቶቹ ወገን የሚስታቸው ድምፅ ተሰማ። «እሰይ! እንግዲያ ዛሬ ራትህን መንግሥት ይሥራልህ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄስ ሞላ ግን አልሳቁም። አንድ ጊዜ ወደ ሚስታቸው፣ አንድ ጊዜ ወደ አያ ደምለው አዩ። ፊታቸው የተለዋወጠው በዚያች ቅጽበት ነው።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «ማዕረግ የሌላቸውስ?»

«ሚስቶቻቸው አሉ ጌታዬ፤ አንድ በአንድ። የጠፋችው ባሏን ያከበርንላት ብቻ ናት። ‹ቄስ› ብለን ስንጨምር ሚስቲቱን እየሰረዝን ነበር። ስሕተቱ የእኛ ነው። አንዱን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ።»

«የኮሚቴው ወረቀት ተበላሽቷል ተብሏል» አሉ ዳኛው።

«አልተበላሸም።» ቄስ ሞላ ናቸው። አያ ደምለው ጋቢያቸውን ይዘው ጎተቷቸው፤ ቄሱ አስለቀቁ። «ዝናብም አልነካው። እኔ ቤት፣ ከሳጥን ውስጥ ነው። ደምለው ወንድሙ ነውና ዝም በል ብሎኝ ዝም አልሁ። እግዚአብሔር ይፍታኝ።»

ይህን ሰው አላመሰገንሁትም፤ እስከ ዛሬም አላመሰግነውም። በሌላ ሴት ላይ ሲሆን ያልረጠበ ወረቀት ረጥቧል፤ በራሱ ሚስት ላይ ሲመጣ ደረቀ።

ቀጠሮ ተሰጠ፤ ወረቀቱ ቀረበ፤ የእማማ ጥሩዬ ስም በጥቁር እስክሪብቶ፣ በሚያምር የቄስ ትምህርት ቤት እጅ፣ ከባላቸው ስም ቀጥሎ ተጽፎ ተገኘ። መሬታቸው ጸናላቸው።

እኔስ? ግምገማ ተቀመጥሁ። ያለ ፈቃድ መቅረት፣ ሰነድ ማውጣት፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ማጉደፍ ተባለ። ድምፁን ማጥፋቴም ተነሣ፤ እሱን አመንሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አሁንም አለኝ። አቶ ጌታሁን በሚቀጥለው ሪፖርቱ «የተርሚናሎች ማሻሻያ ተከናውኗል» ብሎ ጻፈ። ደብተሩ ሳይታተም ቆየና እኔና ጋሽ አስረስ ከየቀበሌው ወረቀት እያስመጣን የጠፉትን ሴቶች አንድ በአንድ መልሰን ስንጽፍ ክረምቱ አለቀ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷን እንኳ ይቅርታ የጠየቀ አለቃ የለም። አብዛኞቹ ጠፍተው እንደነበርም አያውቁም።

ይህን የምታነቡ እናንተ ምናልባት ቢሮ ውስጥ ትሠሩ ይሆናል፤ እንደኔም ዓይናፋር ትሆኑ ይሆናል። «ልማዱ ነው» የሚል ሰው አታጡም። እኔ ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ስሰማ ሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። ዓይናፋርነቴ አልለቀቀኝም፤ አሁንም ሰው ፊት ስቆም ያልበኛል። እያላበኝ እናገራለሁ እንጂ።

ክረምቱ ሲወጣ እማማ ጥሩዬ ፍኖተ ሰላም መጡ። ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ እኔ ጠረጴዛ።

«ስሜን ልየው።»

አወጣሁላቸው። በማያነቡት ፊደል የተጻፈውን አረንጓዴ መስመር ጎንበስ ብለው አዩት፤ የቱ የባላቸው፣ የቱ የእሳቸው እንደሆነ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ያችን ቁልፍ ተጫኛት እስኪ።»

«የቷን?»

«የበላችኝን።»

ተጫንኋት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ መብራቷ በስማቸው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደች። ፋይሉን ዘግቼ ከፈትሁት። ስማቸው ተቀምጧል። «እንደገና» አሉኝ። እንደገና ተጫንሁ።

የአራቱም ተርሚናል ድምፅ ክፍት ነበር። አንዱም አልጮኸም።